ጋሼ አድማሱና የውኃ ዳሯ ጎጆ

ያሲን የክፍሌ በር ላይ ቆሞ በእጁ ሲጠራኝ ጠመኔውን እንደያዝኩ ወጣሁ። ባሕር ዳር ሥራ ይዞ ከተመለሰ ወዲህ አንድም ቀን ትምህርት አስቋርጦኝ አያውቅም። «ጋሼ አድማሱ ዛሬ ንጋት ላይ አረፉ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ መኪና ይዣለሁ» አለኝ። ሰው እንዲህ ያለ መርዶ ሲሰማ ምን እንደሚል አይታወቅም። እኔ ያልኩት «ጃንጥላቸውስ?» ነው። ያሲን አልሳቀብኝም። «ራስጌያቸው ተሰቅሏል አሉ» አለኝ።

ወረታ ትምህርት ቤት በጀማሪ መምህርነት ተመድቤ የሄድኩት በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ወሩ ጥር ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ የፎገራ ሜዳ ደርቆ መሬቱ የተሰነጣጠቀበት ጊዜ። ዲሬክተሩ ጋሼ አድማሱ ሊቀበሉኝ አውራ ጎዳናው ዳር ቆመዋል፤ በዚያ ፀሐይ ጥቁር ጃንጥላ ብብታቸው ሥር ሸጉጠዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ወደ ፊት ሰገግ ያለ ሰው ነበሩ። ከሰላምታ ቀጥሎ ያዩት እግሬን ነው።

«ጫማ ስንት አለህ?»

«ይኸው ያደረግሁት ነው።»

«ለክረምቱስ?»

«ክረምቱ ገና ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«እሱ ነው ጥፋቱ» አሉኝ፣ ሻንጣዬን ከእጄ ተቀብለው መንገድ እየጀመሩ። «ክረምት የሚታሰበው ገና ሲሆን ነው። ሐምሌ ላይ ጭቃው ጉልበትህ ሲደርስ ማን ያስብልሃል?» በማግሥቱ አንድ ከባድ የወይራ ምርኩዝ አምጥተው ሰጡኝ። ከፎገራ ክረምት የሚያወጣህ ጫማ ሳይሆን ይኸ ነው አሉ። ሐምሌ ሲመጣ እውነታቸውን እንደነበር አየሁ።

እንዲህ ነበሩ። ሌላው ሰው ዛሬን ሲኖር እሳቸው ሁለት ወር ቀድመው ሄደው ይጠብቁታል። የትምህርት ቤቱ ጣራ ሳያፈስ ይለበዳል፣ አጥሩ ሳይወድቅ ይታሰራል። የሚያዘወትሩት ተረት «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው ነው። ከማዘውተራቸው የተነሣ ተማሪዎቹ «ቀድሞ ነበር» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። እሳቸውም ያውቃሉ። አንድ ቀን ከመስኮት ሥር «ቀድሞ ነበር መጡ!» ሲባል ሰምተው «ገና አልመጡም፤ ወንበራችሁ ላይ ተቀመጡና ይመጣሉ» ብለው አለፉ።

ከሐጂ ኑሩ ጋር ያላቸው ክርክር ደግሞ ለከተማው ሁሉ መዝናኛ ነበር። ሐጂ ኑሩ የያሲን አባት፣ ጨውና ጨርቅ የሚነግዱ፣ ኑግ በመኪና የሚያስጭኑ ሰው ናቸው። ጋሼ አድማሱ ደጃፋቸው ቆመው የመጪውን ዓመት ነገር ሲዘረዝሩ ሐጂ ይሰሟቸውና «አንተ ሰው፣ ኧረ እግዜር ካለ በል! እኔ እንኳ ሰኞ ሱቅ እከፍታለሁ ስል ኢንሻአላህ እላለሁ» ይሏቸዋል። ጋሼ አድማሱ ጃንጥላቸውን ወደ ሰማይ ቀሰር ያደርጉና «እሱማ ብሏል፤ የቀረው መኪናው ነው» ብለው ይመልሳሉ። ሐጂ ኑሩ በሳቅ ይንፈቀፈቃሉ።

ይህ ሁሉ ማሰብ ከየት እንደመጣ የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጉማራ ድልድይ ላይ ቆመን ሳለ። በልጅነታቸው ለከፍተኛ ትምህርት ተጠርተው ነበር። ድልድይ አልነበረም፣ ወንዙ ሞልቶ ነበር፣ እሳቸው ደግሞ የተነሡት በመጨረሻው ሰዓት ነው። ውኃው እስኪጎድል ዳር ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ሲደርሱ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። «ወንዙ አይደለም ያስቀረኝ» አሉኝ። «ወንዝማ በክረምት ይሞላል፤ ሥራው ነው። ያስቀረኝ አለማሰቤ ነው።» ከዚያ በኋላ የሕይወታቸው ነገር አንዲት ሆነች፦ ከወረታ ልጅ ኮሌጅ መግባት አለበት፤ ሲገባም ምንም ነገር ሊያስቀረው አይገባም።

እኔ ስደርስ ሁለት ልጆች ነበሯቸው። የልጅ ነገር እግዜር አልሰጣቸውም፤ ልጆቼ የሚሏቸው ያሲንንና ፈንታሁንን ነው። ሁለቱም ወረታ ተምረው ጎንደር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሰዋል። ፈንታሁን የአያ እንየው ልጅ ነው፤ አያ እንየው ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ የሚያርሱ፣ ከብት የሚያረቡ ገበሬ ናቸው። ስሙ እንደሚናገረው ከሞቱ ወንድሞቹ በኋላ የተወለደ፣ አንድ የቀረ ልጅ ነበር። ፈገግታው ቶሎ የሚመጣ፣ ተናግሮ የማይጠግብ ነበር። ያሲን ግን ያኔም እንደ ዛሬው ዝምተኛ ነበር።

ልጆቹ ለፋሲካ ሲመጡ ጋሼ አድማሱ ሜዳው ላይ በኖራ ሁለት መስመር አሰምረው የአዲስ አበባን ጎዳና ሠሩ። እግረኞቹ ልጆቹ ናቸው፤ መኪናው ራሳቸው ጋሼ አድማሱ። ጃንጥላቸውን ከፊታቸው ቀስረው እየጮኹ ይመጣሉ፤ ልጆቹ ግራ ቀኝ አይተው መሻገር አለባቸው። ፈንታሁን ጎርፍ የሚሻገር ይመስል ሱሪውን ሰብስቦ ዘሎ ይገባል። «ሞተሃል! ተመለስ!» ይሉታል። ተመልሶ እንደገና ይገባል። «ኧረ ሞተሃል እልሃለሁ!» መንደሩ ሁሉ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይስቃል። ኮሌጅ የሚበላው በሹካ ነው ሲባል ሰምተው ደግሞ ከቀርከሃ ሹካ አስጠርበው የተቀቀለ ድንች አቀረቡላቸው። የፈንታሁን ድንች ከሳሕኑ ተፈናጥሮ ደረታቸው ላይ አረፈ። ጋሼ አድማሱ ኮታቸውን ጠረጉና «ይህ እዚህ በመሆኑ እግዜር ይመስገን። ድገም» አሉት።

ነሐሴ ላይ ውጤት መጣ፤ ሁለቱም አለፉ፤ ኮሌጁ ጠራቸው። ያ ቀን ጋሼ አድማሱ ጃንጥላቸውን የትም ጥለው እጃቸውን እያወናጨፉ ሲሄዱ ያየሁበት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ነው። አያ እንየው ቅቤ ይዘው መጡ። «ጌታው፣ እኔ ሞፈርና ቀንበር እንጂ ሌላ አላውቅም። የሚሉኝን አደርጋለሁ» አሉ፣ ቆመው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው። ጋሼ አድማሱም ነገሯቸው። ብርድ ልብሱ፣ ኮቱ፣ ጫማው፣ አዲስ አበባ የሚቀበለው ሰው፣ የሐጂ ኑሩ ጭነት መኪና የሚነሣበት ቀን፣ መኪናው ቢበላሽ የሚተካው አውቶብስ፣ አውቶብሱ ቢቀር የሚኬድበት በቅሎ። ሁሉ ታስቧል።

በሽታው ያልታሰበው ነው።

መስከረም ጠባ፤ የሜዳው ውኃ መጉደል ጀመረ፤ ሰዉም መታመም ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ቤት፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ፣ ቀጥሎ መንደሩ። ብርድ ብርድ ይላል፣ ያንዘፈዝፋል፣ ከዚያ እንደ እሳት ይነድዳል። ወባ የሚባል ነገር እናውቃለን፤ ግን ቆላ ወርዶ ለሠራ ሰው የሚመጣ ነው እንል ነበር። እኛ ከቤታችን ያልወጣን ሰዎች ነን። ስለዚህ ሁሉም ሰው ተስቦ ነው አለ። ተስቦ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል፤ ሰው ሰውን ፈራ። የመስቀል ደመራ ያለ ጭፈራ ነደደ። ላሞች የሚያልባቸው አጥተው ሲጮኹ ይውላሉ። ሽምብራ የሚዘራበት እርጥብ መሬት ሳይነካ ቀረ። የቀባሪ ያለህ የሚባልበት ጊዜ መጣ፤ የሞተውን አራት ሰው ተሸክሞ ይወስደዋል፤ ከአራቱ አንዱ በሳምንቱ ራሱ ይሞታል። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። አውቶብሶቹ ወረታ ላይ መቆም ተዉ። ጋሼ አድማሱ ጃንጥላቸውን ዘርግተው አውራ ጎዳናው ዳር ቆመው እያወዛወዙ፣ መኪናው መስኮቱን ዘግቶ አቧራ አልብሷቸው ሲያልፍ አይቻለሁ። ኮታቸውን አራግፈው የሚቀጥለውን ይጠብቃሉ።

በዚህ መካከል በፖሊስ ጣቢያው ስልክ ከኮሌጁ ቃል መጣ። በሽታ ካለበት አገር የሚመጣ ተማሪ መጀመሪያ ባሕር ዳር ሐኪም ይየው፤ ትኩሳት የተገኘበት ለዚህ ዓመት አይገባም የሚል ነው። ጋሼ አድማሱ ይህን ሲሰሙ ተቀመጡ። ከዚያ ተነሥተው ወደ አያ እንየው ቤት መንገድ ጀመሩ፤ እኔም ተከተልኳቸው። አያ እንየው ከግቢያቸው በር ወጥተው በሩቅ ቆሙ።

«አያ እንየው፣ ቤትህ የታመመ አለ?»

«እናቱ ትላንት ተኛች። ጎረቤቴ ሁለት ቀበረ።»

«እንግዲያ ልጁ ዛሬውኑ ከግቢው ይውጣ። ቀሳ ይውጣ።»

ቀሳ የቆየ ልማዳችን ነው። ፈንጣጣ ወይም ተስቦ መንደር ሲገባ ጤነኛው ከበሽተኛው ይለያል፤ ሜዳ ላይ ጎጆ ተቀልሶለት፣ እህል በሩቅ እየተቀመጠለት፣ በሽታው እስኪያልፍ ብቻውን ይከርማል። ስንቱን መንደር ከመጥፋት ያዳነ ነገር ነው። የአባቶቻችንን ብልኀት የሚያውቅ ማንም ሰው በዚያ ቀን ሌላ ምክር ባልሰጠ ነበር።

አያ እንየው ትንሽ አሰቡ። «እኔስ ጣራ ገዳም አጠገብ፣ የእናቱ ወንድም ዘንድ ልስደደው ብዬ ነበር። ከፍ ያለ አገር ነው፤ በሽታው አልደረሰም አሉ።»

«እዚያ ሆኖ መኪናው ቢያመልጠውስ? ድንገት ኑ ቢሉን ማን ሮጦ ይደርስለታል? መንገዱስ በሽተኛ የሞላበት አይደለም? አይሆንም፣ አያ እንየው። ከሰው ይራቅ፣ ከመንገድ ግን አይራቅ።»

«የሚሉኝን አደርጋለሁ፣ ጌታው። ነፋሻ ቦታ ፈልጌ ጎጆ እቀልስለታለሁ።»

ያሲንም ቀሳ እንዲወጣ ተጠይቆ ነበር። እናቱ «ልጄን እንደ ለምጻም ሜዳ ላይ አልጥልም» ብለው እምቢ አሉ። ጋሼ አድማሱ በዚህ በጣም አዘኑ፤ አንዱን ከወዲሁ እንዳጡት ነበር የቆጠሩት።

አያ እንየው ጎጆዋን የቀለሱት የርብ ወንዝ ጎርፍ እየሸሸ የተወው ውኃ ዳር ነው፤ የሽምብራ መሬታቸው ጫፍ ላይ። በእውነት ያማረች ቦታ ነበረች። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይመጣል፣ ወፎቹ ይንጫጫሉ፣ አንድም ቤት በአቅራቢያው የለም። ጋሼ አድማሱ በየቀኑ ወደ ማታ እየሄዱ ከሩቅ ቆመው ያነጋግሩታል፤ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። እየጮኹ ጥያቄ ይጠይቁታል፤ እሱም እየጮኸ ይመልሳል። አዲስ አበባ ስትገባ ከማን ቤት ትወርዳለህ? ገንዘብህን የት ትይዛለህ? መኪና ሲመጣ? «ግራ ቀኝ አያለሁ!» ይላል ከውኃው ዳር።

አንድ ማታ እጁን እያጨበጨበ፣ እግሩን እየመታ ሲመልስ ጋሼ አድማሱ «ምን ሆነሃል?» አሉት።

«ቢንቢ ነው፣ ጋሼ! ሙልጭ አድርጎ ሊበላኝ ነው! ለኮሌጁ አጥንቴ ብቻ ነው የሚደርሰው!»

«ቻለው! ቢንቢ ሰው አይገድልም!» አሉት። ሦስታችንም ሳቅን። ያ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

መኪናው ሊነሣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ፈንታሁን አንቀጠቀጠው። ጋሼ አድማሱ ይህን ሲሰሙ ከሩቅ መቆሙን ተዉትና ሮጠው ጎጆዋ ገቡ። በማግሥቱ ግን ለቀቀው፤ ተነሥቶ በላ፣ ቀለደ። አለፈለት ብለን ሐሤት አደረግን። በሦስተኛው ቀን በዚያው ሰዓት መልሶ ያዘው። ይኸኔ ሐጂ ኑሩ መጥተው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። በወጣትነታቸው መተማ ድረስ የነገዱ ሰው ናቸው። «አድማሱ፣ ይህ ተስቦ አይደለም። ቀን እየለየ የሚመጣ ተስቦ አላውቅም፤ ይህ ወባ ነው። ኪኒን ያስፈልገዋል» አሉ። ኪኒን ወረታ ላይ አልነበረም። ሱቃቸው ውስጥ የነበረችው አልቃ ነበር። ጎንደር ሰው ላኩ፤ ያ ሰው መንገድ ላይ ታሞ ቀረ።

ጋሼ አድማሱ ግን ማሰብ አልተዉም። የልባቸው መከራ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ በሽታው ራሱ ቀን ያለው መሆኑን አዩና ከበሽታው ጋር ማቀድ ጀመሩ። «አንድ ቀን ይይዘዋል፣ አንድ ቀን ይለቀዋል። መኪናው የሚነሣው በሚለቀው ቀን ነው። በዚያ ቀን ባሕር ዳር ይደርሳል፣ ሐኪሙ ያየዋል፤ ትኩሳት የለበትም። እዚያ ደግሞ ኪኒን አለ» አሉኝ። እያንዳንዱን ቃል በጃንጥላቸው ጫፍ መሬቱን እየነኩ ነው የተናገሩት። ስሰማቸው ነገሩ ሁሉ የሚሆን መሰለኝ። ማመን ፈልጌ ነበር።

በዚያ ቀን ጠዋት ስንደርስ ፈንታሁን ለብሶ ጨርሶ ጎጆዋ በር ላይ ተቀምጧል። አዲሱ ኮት እስከ አንገቱ ተቆልፏል፣ ጫማው ታስሯል። ፊቱ ከስቷል፤ ፈገግታው ግን ያው ነው። አያ እንየው ጓዙን ተሸክመው ከፊት ቀደሙ። ሜዳውን አቋርጠን ወደ መንገዱ ሄድን። መኪናው ቆሞ ይታየናል፤ ያሲን ከላይ ሆኖ እጁን ያውለበልባል። ግማሽ መንገድ እንደሄድን ፈንታሁን ዘገየ። ቀጥሎ ቆመ። ኮቱን በሁለት እጁ ያዘና መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ዛሬ እኮ ቀኑ አይደለም» አሉ ጋሼ አድማሱ። ለማን እንዳሉት አላውቅም። «ዛሬ እኮ የሚለቅህ ቀን ነው!»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለ ልጁ፣ ጥርሱ እየተፋጨ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ በሚመስል ድምፅ።

ተቀመጠ። ጭቃው ላይ፣ በአዲሱ ኮት። መኪናው ጥሩምባ ነፋ። ያን ቀን ካልወጣ ሌላ የሚነሣ መኪና እንዳልነበረ፣ ሾፌሩም ተስቦ ፈርቶ የሚንቀጠቀጥ ሰው እንደማይጭን ሁላችንም እናውቃለን። ጋሼ አድማሱ መኪናውን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ እኔን አዩኝ። ጃንጥላቸውን ወደ መንገዱ ወዝወዝ አድርገው ሂዱ የሚል ምልክት ሰጡ። መኪናው ያሲንን ይዞ ሄደ።

ፈንታሁን እጃቸውን ይዞ «ጋሼ፣ ቦታዬን ለሚመጣው ሳምንት እንዲያቆዩልኝ ይንገሩልኝ» አላቸው።

«እነግራቸዋለሁ» አሉት።

አባቱ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ጎጆዋ መለሱት። ሳምንቱን አልጨረሰም። የቀበርነው እኔ፣ ጋሼ አድማሱ፣ አባቱና አንድ ቄስ ሆነን ነው፤ እናቱ ራሳቸው ከአልጋ አልተነሡም ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ በዚያው ስልክ ሌላ ቃል መጣ። ኮሌጁ በሽታው ካለበት አገር ለሚመጡ ልጆች የመግቢያውን ቀን አራዝሟል ይላል። ጋሼ አድማሱ ፖሊሱን አመስግነው «ደግ ሰዎች ናቸው» አሉ። «ቀድሞ ነበር» የሚለውን ተረት ከዚያ ቀን በኋላ ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም። ተማሪዎቹም ስሙን ረሱት።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ወባ የሚያጠፉ ሰዎች ወረታ መጡ፤ በየቤቱ መድኃኒት የሚረጩ። አንድ ወጣት ባለሙያ ሕዝቡን ሰብስቡልኝ አለና ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ንግግር ጀመረ። ድምፁ አይሰማም። ጋሼ አድማሱን «እባክዎ ይድገሙልኝ» አላቸው፤ ድምፃቸው ሜዳውን የሚያዳርስ ሰው ናቸውና። ባለሙያው ቀስ ብሎ ይናገራል፣ እሳቸው እየጮኹ ይደግማሉ። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ አይሄድም። የሚያመጣው ቢንቢ ነው። ቢንቢው የሚራባው በቆመ ውኃ ነው። አያ እንየው ከፊት ሣሩ ላይ ተቀምጠው፣ አገጫቸውን በዱላቸው ላይ አሳርፈው ያዳምጣሉ። ባለሙያው «ስለዚህ ከሁሉ በላይ የሚነደፈው ውኃ ዳር የሚያድር ሰው ነው» አለ።

ጋሼ አድማሱ ዝም አሉ። ሰዉ ጠበቀ። ባለሙያው ያልሰሙት መስሎት ደገመላቸው። ይኸኔ አያ እንየውን ቀጥ ብለው እያዩ፣ ከሌላው ሁሉ በበለጠ ድምፅ፣ አንዲት ቃል ሳያጎድሉ ተናገሩት። አያ እንየው ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ተነሥተው ሄዱ።

ያን ዓመት ታኅሣሥ ላይ ከአያ እንየው ዘንድ አንድ ሸክም የሽምብራ እሸት ለጋሼ አድማሱ መጣ። ከዚያችው መሬት ነው፤ ጎጆዋ ከነበረችበት። ጋሼ አድማሱ አዩት፣ አልነኩትም፤ ለተማሪዎች አስከፋፈሉት። በዓመቱ እንደገና መጣ። በየዓመቱ መጣ። እኔ ወደ ባሕር ዳር እስክዛወር ድረስ እሸቱ ያልመጣበት ዓመት የለም፤ እሳቸውም አንዲት ፍሬ አልቀመሱም።

«ለምን አይበሉትም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ሊያስታውሰኝ ነው የሚልከው» አሉኝ። «እውነቱን ነው። ደጋ ልስደደው ብሎኝ ነበር እኮ፤ አንተም ሰምተሃል። ልጄን ገድለህብኛል ማለት ነውር ሆኖበት በእሸት ይነግረኛል።»

«አንድ ቀን ቁጭ ብለው ቢጠይቋቸውስ?»

«ምን ብዬ?» አሉኝ። እኔም ብሆን አያ እንየውን መንገድ ላይ ሳገኝ ዐይናቸውን እሸሽ ነበር፤ ከሁለቱ አንዱን ለማጽናናት ሌላውን መውቀስ ያለብኝ ይመስለኝ ነበር።

ከፈንታሁን በኋላ ከወረታ ሌሎች ልጆች ኮሌጅ ገብተዋል። የኖራው መስመር ግን አልተሰመረም፤ ሹካውም አልተጠረበም። ውጤት በመጣ ቀን ልጁን ይጠሩና «ዛሬውኑ ወደ ጣራ ገዳም በኩል ውጣ፤ መኪናው እስኪነሣ እዚያ ቆይ» ይሉታል። ያ ብቻ ነው ዕቅዳቸው። ሐጂ ኑሩ አንድ ጊዜ እንደ ድሯቸው ሊቀልዱ ፈልገው «ምነው አድማሱ፣ የመጪው ዓመት ነገር የለም?» ቢሏቸው «እግዜር ካለ» ብለው መለሱ። ሐጂ ኑሩ ያን ቃል ለማስባል ስንት ዓመት ለፍተዋል። ሲሰሙት ግን መሳቅ አቃታቸው፤ ዘወር ብለው የጨርቅ ጣቃ ማጣጠፍ ጀመሩ።

እኔና ያሲን ወረታ ስንደርስ አስከሬኑ ከቤት እየወጣ ነበር። ሕዝቡ ሜዳውን ሞልቶታል፤ በመኪና የመጡ፣ ከረባት ያሰሩ፣ ያስተማሯቸው ሁሉ። ያሲን ከአባቱ ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ ቆመ። ፍትሐቱ አልቆ፣ ሣጥኑ ወርዶ፣ አፈሩ ተመልሶ፣ ሰዉ መበተን ሲጀምር አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተመርኩዘው ወደ መቃብሩ ቀረቡ። አያ እንየው ናቸው። ጎብጠዋል። ብብታቸው ሥር፣ ከጋቢያቸው ውስጥ፣ አረንጓዴ ነገር ተሸጉጧል፤ ወሩ ታኅሣሥ ነው፣ የዓመቱን እሸት ሊያደርሱ ሲመጡ ነው መርዶውን የሰሙት።

በእኛ አገር ሟች መልእክተኛ ነው፤ ቀድመው ለሄዱት ሰላምታ ይላክበታል። አያ እንየው ጎንበስ ብለው፣ ጆሮው ለደከመ ሰው እንደሚናገሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ጌታው፣ እሸቱን ስልክልዎ የኖርሁት ይቅር ይበሉኝ ብዬ ነበር። እርስዎማ ከሰው ይራቅ ብቻ ነው ያሉኝ። ነፋስ ያገኛል ብዬ ውኃው ዳር የቀለስኳት እኔ ነኝ። እርስዎን ቀና ብዬ ማየት አፍሬ ኖርሁ። ልጄን ያገኙት እንደሆነ፣ ጥፋቱ የአባትህ ነው ይበሉልኝ።»

ያሲን ከአጥሩ በኩል አየኝ። ጉድጓዱ ሞልቶ ነበር።